የሚመታ ልብ፣ የማይፍታታ ልብ

አማርኛ ስለ ልብ ብዙ ይናገራል። ደፋሩን ሰው ልበ ሙሉ፣ ጨካኙን ልበ ደንዳና፣ ዘንጊውን ልበ ቢስ ይለዋል። ጭንቀት የተወገደለት ሰው «ልቤ ዐረፈ» ይላል፤ እንዲያስተውል የሚፈለግ ሰው «ልብ በል» ይባላል። ነገሩ ወደ ሥጋዊው ልብ፣ በደረት አጥንት ሥር ወዳለው የጭብጥ ያህል ጡንቻ ሲመጣ ግን ቋንቋው የሚያውቀው ግብር አንድ ብቻ ይሆናል፤ እርሱም መምታት ነው። ልብ ይመታል፤ ምቱ ይቆጠራል፤ ምቱ ይፈጥናል፤ ምቱ ይቆማል። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ስላለችው ቅጽበት የሚናገር ቃል በዕለት ተዕለቱ ንግግር ውስጥ እምብዛም አይሰማም። ብዙ ሰው ያችን ቅጽበት ልብ ለአፍታ ሥራ የሚፈታባት ባዶ ጊዜ አድርጎ ያስባታል። ሕመማቸው በዚያች ቅጽበት ውስጥ የሆነ ሰዎች ደግሞ ምን እንደ ያዛቸው የሚነግራቸው ቃል አጥተው ይቸገራሉ።

ቅጽበቷ ባዶ አይደለችም። የአንድ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ 75 ጊዜ ቢመታ፣ አንዱ ዙር ከመነሻው እስከ መድረሻው 0.8 ሰከንድ ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ ጡንቻው ተኮማትሮ ደም የሚገፋበት ጊዜ 0.3 ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ የቀረው 0.5 ሰከንድ የመፍታታትና የመሙላት ጊዜ ነው። ሒሳቡ በቀን ሲሰላ፣ ልብ ከ24 ሰዓት ውስጥ 15 ሰዓት ያህሉን የሚያሳልፈው በመፍታታት ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ዐበይት ነገሮች ይከናወናሉ። አንደኛ፣ የልብ የታችኛው ግራ ክፍል ከሳንባ የተመለሰውን ደም ይቀበላል፤ ያልተቀበለውን ሊሰጥ አይችልምና የሚቀጥለው ምት የሚረጨው ደም መጠን የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ልብ ራሱ ይመገባል። ጡንቻው ሲኮማተር በውስጡ የሚያልፉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለሚጨምቃቸው፣ የግራው ልብ የራሱን ድርሻ ደም በአብዛኛው የሚያገኘው ሲፍታታ ነው።

ይህን ለመረዳት የቀጥቃጭ ወናፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከፍየል ቆዳ የተሠራውን ወናፍ የሚያናፋ ሰው ሥራው መጫን ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ወናፉን ሲያነሣ አፉን ከፍቶ አየር ያስገባል፤ ሲጫን አፉን ዘግቶ አየሩን ወደ ፍሙ ይልካል። ቆዳው ለስላሳ የሆነ እንደሆነ በቀላሉ ተነሥቶ ይሞላል። ቆዳው ደርቆ የደነደነ እንደሆነ ግን እጅ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ወናፉ በቂ አየር አይዝም፤ ያልያዘውንም አይተፋም። እሳቱ ሲደክም የሚያይ እንግዳ ሰው ጥፋቱን በሚጫነው እጅ ላይ ያሳብባል፤ ቀጥቃጩ ግን ቆዳውን ይዳስሳል።

የሰው ልጅም ስለ ልብ ባሰበው ረጅም ታሪክ ውስጥ ክብሩን አንዴ ለመከፈቱ፣ አንዴ ለመጨበጡ ሲሰጥ ኖሯል። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረውን ሐኪም ጋሌንን የተከተሉት ሊቃውንት የልብ ዋና ሥራ መስፋትና መሳብ እንደሆነ ለብዙ መቶ ዓመታት አስተምረዋል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ገለበጠው፤ ልብ ሥራውን የሚሠራው ሲጨበጥ እንደሆነ፣ ደምም በሰውነት ውስጥ እየዞረ እንደሚመለስ አስረዳ። ሃርቪ ስለ ደም ዝውውር ትክክል ነበር። ከእርሱ በኋላ ግን የልብ መፍታታት ጡንቻው ያለ አንዳች ድካም የሚላላበት ጊዜ ተደርጎ ለረጅም ዘመን ታየ። መፍታታት ራሱ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑ በሚገባ የታወቀው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብ ጡንቻ ሕዋስ የሚኮማተረው በውስጡ ካልሲየም ሲለቀቅ ነው። እንዲፍታታ ከተፈለገ ያ ካልሲየም ተለቅሞ ወደ ማጠራቀሚያው መመለስ አለበት፤ አብዛኛውን የሚመልሰውም ጉልበት እየበላ የሚሠራ የፕሮቲን ፓምፕ ነው። እርስ በርስ ተያይዘው ጡንቻውን የሚያሳጥሩት የፕሮቲን ክሮችም ለመላቀቅ ጉልበት ይሻሉ፤ ጉልበቱ ከጠፋ እንደ ተያያዙ ይቀራሉ። የዚህን ማስረጃ በለቅሶ ቤት የነበረ ሁሉ አይቶታል። ሰው ከሞተ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አስከሬኑ ይደርቃል፤ ገናዦች እጅና እግሩን ሳይውል ሳያድር የሚያስተካክሉት ከዚያ በፊት ለመቅደም ነው። አማርኛ በአክብሮት «ዐረፈ» የሚለው ሰው ጡንቻው አላረፈም፤ ለመላቀቅ የሚያስፈልገውን ጉልበት አጥቶ እንደ ተጨበጠ ቀርቷል። እንግዲህ የልብ መፍታታት ከሞት ዕረፍት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በሕይወት ካለ ሥራ ሁሉ አንዱ ነው።

ታዲያ ይህ ሥራ የሚበላሸው እንዴት ነው? አንዱና ዋናው መንገድ የልብ ጡንቻ መወፈር ነው። ለዚህም ቀዳሚው ምክንያት ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ከፍተኛ የደም ግፊት ነው። የደም ቧንቧዎች ግፊት ከፍ ሲል የግራው ልብ በየምቱ ከባድ በር እንደሚገፋ ሰው ይሆናል። በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል እንዲህ ሲገፋ የኖረ ጡንቻ፣ ሸክም የለመደ ሰው ክንድ እንደሚፈረጥም፣ ይወፍራል። የአዋቂ ሰው የታችኛው ግራ ክፍል ግድግዳ በተለምዶ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ግፊት በበዛበት ሰው ግን ከዚህ ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ይህ የሰውነት ብልሃት ነው። ግድግዳው ሲወፍር ጭነቱ ለብዙ ክሮች ስለሚከፋፈል ልብ ምቱን ሳያዛባ ይቀጥላል፤ ባለቤቱም አንዳች ነገር አይሰማውም።

ዋጋው የሚከፈለው በመፍታታቱ በኩል ነው። ጡንቻው በወፈረ መጠን የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች እኩል አያድጉለትም። በጡንቻ ክሮቹ መካከል እንደ ጠባሳ ያለ ጠጣር ሕብረ ሕዋስ ይገባል። ካልሲየምን የሚለቅመው ፓምፕ ይዘገያል። ከክንድ በተለየ ልብ ሥራ አቁሞ የሚያገግምበት ቀን የለውም። እንዲህ እንዲህ እያለ ግድግዳው እንደ ደረቀው ወናፍ ይሆናል፤ ለመጨበጥ ብርቱ፣ ለመከፈት ግን ግትር። በኦሪት ዘጸአት የፈርዖን ልብ ደነደነ ሲባል አማርኛው የመረጠው ቃል ወፍራምነትንም ጠጣርነትንም በአንድነት የሚይዝ ነው። ቃሉ የተነገረው ስለ እልከኛ ንጉሥ ቢሆንም፣ በሕክምና መሣሪያ ሥር የሚታየውን ልብም ሳያስበው በትክክል ይገልጸዋል።

ግትር ልብን ለመሙላት ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልጋል። ያ ግፊት ደግሞ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይኛው የልብ ክፍልና ከዚያም ወደ ሳንባ የደም ሥሮች ይተላለፋል። ሳንባ በውኃ ይርሳል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ሰውየው ሲቀመጥ ደኅና ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ግን ቆም ብሎ ይተነፍሳል። ሌሊት በጀርባው መተኛት ያቅተውና ትራስ ይደራርባል። ደረጃው የሚከብደው በከንቱ አይደለም። ልብ ሲፈጥን በብዛት የሚያጥረው የመፍታታቱ ጊዜ ነው፤ ቀድሞውኑ ቀስ ብሎ የሚከፈት ልብ ጊዜውንም ሲነጠቅ ሳይሞላ ይጨበጣል። በዚህ ጊዜ ባለውለታው የላይኛው የልብ ክፍል ነው። ጤነኛ ልብ ከሚሞላው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉን ይህ ክፍል በመጨረሻዋ ቅጽበት ገፍቶ ያስገባል፤ ልብ በደነደነ መጠን ይህ ድርሻ ከፍ ይላል። ከዓመታት ድካም በኋላ የላይኛው ክፍል ተለጥጦ ምቱ ሥርዓት ሲያጣና መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ እስከዚያ ቀን ችሎ የቆየ ሰው በድንገት ሊወድቅ ይችላል።

ሕክምናው ይህን ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ የልብ ድካም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የልባቸው የመግፋት ዐቅም በሚለካበት ጊዜ ደኅና ሆኖ የሚገኝ ነው። ሐኪሞች ይህን የሚያዩት በልብ አልትራሳውንድ ነው፤ የግድግዳውን ውፍረት ይለካሉ፣ ደሙ ወደ ታችኛው ክፍል የሚገባበትን ፍጥነት ይመለከታሉ። እውቀቱ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ወደ ታማሚው ቤት እስኪደርስ ያለው መንገድ ግን አጭር አይደለም፤ በተለይ ሐኪሙና ታማሚው በአንድ ቋንቋ በማይነጋገሩበት አገር።

ናይሮቢ ውስጥ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ የ67 ዓመት እናት በዚህ መንገድ ላይ አልፈዋል። ከሐኪሙ ጋር የሚያነጋግራቸው ልጃቸው ነበር። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የተናገረው የሚያጽናና ነገር ነው፤ ልብዎ በደንብ ይገፋል፣ ልኬቱ 60 በመቶ ነው፣ ግድግዳው ጥቂት ወፍሯል፣ ችግሩ በደንብ አለመፍታታቱ ላይ ነው አለ። ልጁ በቅን ልቡና ተረጐመ።

«እማዬ፣ ልብሽ ስድሳ በመቶ ይሠራል ነው የሚለው። ወፍሯል። ዕረፍትም አያገኝም።»

እናትየው ጥቂት ዝም ብለው፣ «አርባው ወዴት ሄደ?» አሉ።

በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ስሕተቶች ነበሩ። ስድሳ በመቶ የፈተና ውጤት አይደለም። ጤነኛ ልብ ከሞላው ደም ውስጥ በአንድ ምት የሚያወጣው ከ50 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው፤ መቶ በመቶ የሚያወጣ ልብ የለም። እናትየው ግን ልባቸው ከግማሽ ትንሽ የተሻለ ሆኖ ቀረ ብለው አዘኑ። «ወፍሯል» የሚለውን ስብ ይዞታል ብለው ስለ ተረዱት ቅቤ ተዉ፤ ጨው ግን እንደ ወትሮው ቀጠለ። ከሁሉ የከፋው «ዕረፍት አያገኝም» የሚለው ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ፍቅር እናቱን አሳረፈ። ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄድ ቀረ፤ ገበያ ቀረ፤ ቡና ማፍላት እንኳ ለሌላ ተሰጠ። በስድስት ወር ውስጥ እግራቸው ከሳ፤ ቀድሞ ሁለት ፎቅ የሚወጡት ሴት ከአልጋ እስከ በር መድረስ አቃታቸው። እርሳቸውም ቤተሰቡም ያንን የበሽታው መባስ አድርገው ቆጠሩት፤ ስለዚህም ይበልጥ እንዲያርፉ ተደረገ።

ነገሩን ያቃናው ሌላ ቀን በአስተርጓሚነት የተገኘች አንዲት ነርስ የተጠቀመችበት ተራ ቃል ነው። «እማማ፣ ልብዎ ሲጨበጥ ብርቱ ነው፤ ሲፍታታ ነው የሚዘገየው» አለቻቸው፤ ቡጢዋን ጨብጣ ቀስ ብላ እየከፈተች። «መፍታታት» የስፖርት መምህራን ቃል ነው፤ ተማሪ ከሩጫ በፊትና በኋላ ሰውነቱን ያፍታታል። ማንም ሰው ይህን ሲሰማ አልጋ ላይ መተኛት ትዝ አይለውም። እንዲያውም በሐኪም ምክር በልክ የሚደረግ የእግር ጉዞ እንዲህ ዓይነት ልብ ያላቸውን ሰዎች ዐቅም እንደሚያሻሽል በጥናት ታውቋል። እናትየው መራመድ የጀመሩት ከቤት እስከ ጎረቤት ሱቅ ነው፤ ቀስ በቀስም ጨመሩ። ልባቸው እንደ ወጣት ልብ አልሆነም። የጠፋው እግራቸው ግን ተመልሷል።

የቃል ስሕተት ከዚህም ቀድሞ ይጀምራል። ከፍተኛ የደም ግፊት በሕዝቡ ዘንድ «ደም ብዛት» ይባላል። ስሙ የተመቸ ነው፤ ዳሩ ግን የሚያመለክተው ደም እንደ በዛ እንጂ ቧንቧው ላይ የሚያርፈው ግፊት እንደ ከበደ አይደለም። ደም የበዛበት ሰው ሲሻለው ደሙ እንደ ቀነሰለት አስቦ መድኃኒቱን ቢያቆም አያስደንቅም። ግፊቱ ግን ራስ ምታትም ሳያስከትል ለዓመታት 160 ወይም 170 ላይ ሊቆይ ይችላል። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ከፍተኛ እንደሚባል፣ መድኃኒቱም የሚወሰደው ሕመም ለማስታገሥ ሳይሆን ልብንና ኩላሊትን፣ አንጎልንም ለመጠበቅ እንደሆነ በግልጽ የሚነገረው ሰው ጥቂት ነው።

የወፈረ ልብ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የረጅም ርቀት ሯጭ ልብ ጥቂት ይወፍራል፤ ነገር ግን ክፍሉም አብሮ ይሰፋል፣ መፍታታቱም እንደ ጤነኛ ወይም ከጤነኛ በላይ ሆኖ ይገኛል፤ ሯጩ ልምምድ ሲያቆም ውፍረቱ ይቀንሳል። ከዚህ የሚለየው በዘር የሚተላለፈው ውፍረት ነው። ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ዶናልድ ቲር እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ 8 ሰዎች ጽፎ ዘመናዊውን ገለጻ ሰጠው፤ አብዛኞቹ በድንገት የሞቱ ወጣቶች ነበሩ። ሕመሙ ከ500 ሰው በአንዱ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል፤ ወላጅ ካለበት ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ያለ ሌላ ምክንያት የአዋቂ ሰው የልብ ግድግዳ 1.5 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ሐኪሞች ይህን ይጠረጥራሉ። የአፍሪካ እግር ኳስ ተመልካች እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2003 ሊዮን ከተማ ውስጥ ያየውን አይረሳም። ካሜሩን ከኮሎምቢያ ጋር በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲጫወቱ፣ የ28 ዓመቱ ማርክ ቪቪየን ፎዬ በ72ኛው ደቂቃ ማንም ሳይነካው ወደቀና ሞተ። በምርመራ የተገኘው ይኸው የልብ ጡንቻ ውፍረት ነበር። እንዲህ ዓይነት ሞት በቤተሰብ ውስጥ የደረሰበት ሰው ኀዘኑን እንደ ተቀበለ ሁሉ የቀሩትን ልጆች ልብ ማስመርመር ይገባዋል።

ምሥራቅ አፍሪካም በዚህ እውቀት ውስጥ የራሷ ስፍራ አላት። እ.ኤ.አ. በ1948 ካምፓላ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጄ. ኤን. ፒ. ዴቪስ የልብ ውስጠኛ ሽፋን እንደ ጠባሳ የሚጠጥርበትን ሕመም ገልጾ ጻፈ። በዚህ ሕመም ጡንቻው አይወፍርም፤ ሽፋኑ ግን ልብን ከውስጥ ይዞ እንዳይከፈት ያደርገዋል። የኡጋንዳ ሐኪሞች በዚያ ምክንያት መጨበጥ የሚችል ልብ በመከፈት አለመቻሉ ብቻ ሰውን ሊገድል እንደሚችል ቀድመው ከተመለከቱት መካከል ናቸው።

ዛሬ ለወፈረ ልብ ሊደረግለት የሚችለው ነገር ቀድሞ ከነበረው ይሻላል። የደም ግፊት በመድኃኒት ሲስተካከል ግድግዳው ከጊዜ በኋላ መልሶ ሊሳሳ ይችላል። በሳንባና በእግር የተጠራቀመውን ውኃ የሚያወጡ መድኃኒቶች ትንፋሽን ያቀላሉ። መጀመሪያ ለስኳር ሕመም የተሠሩ አንዳንድ መድኃኒቶች የስኳር ሕመም ለሌለባቸውም ቢሆን፣ መግፋቱ ደኅና በሆነ የልብ ድካም ሆስፒታል መግባትን እንደሚቀንሱ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የወጡ ትልልቅ ጥናቶች አሳይተዋል። በዘር ለሚተላለፈው ውፍረት ደግሞ ማቫካምተን የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የደም መውጫው ለጠበበባቸው ሕሙማን የሚሰጥ ሲሆን፣ ሥራውም ከልክ በላይ የተያያዙትን የጡንቻ ክሮች ማላቀቅ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በየመንደሩ መድኃኒት ቤት አይገኙም፤ ዋጋቸውም ለብዙው ሰው ከባድ ነው። የግፊት መለኪያው፣ ርካሹ የግፊት መድኃኒትና የጨው መቀነስ ግን በብዙ ከተማ የሚገኙ ነገሮች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ ይህም ከአንዲት የሻይ ማንኪያ ያንሳል፤ በርበሬና ሽሮ ውስጥ አስቀድሞ የገባውም የሚቈጠር ነው።

ስለዚህ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው፣ ወይም ለወላጁ የሚያስተረጉም ልጅ፣ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሁለት ጥያቄ ይዞ ይግባ። አንደኛው ልቡ ሲጨበጥ እንዴት ነው የሚል ነው። ይህን ሁሉም ይጠይቃል። ሁለተኛው ሲፍታታስ በሚገባ ይሞላል ወይ የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ «ደኅና ነው» ቢሆን እንኳ ሁለተኛው ሳይመለስ ከወንበሩ አይነሣ፤ ምን ያህል መራመድ እንደሚፈቀድም ጠይቆ ይውጣ።